መጀመሪያ ንባቡ፣ ቀጥሎ ትረካው

በድሬዳዋ ለሚገኙ የሰንበት ትምህርት ቤቶች የሕፃናት ክፍሎችና ለወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሕፃናት ክፍል ኃላፊዎችና መምህራን፣ እንዲሁም ልጆቻችሁን በየቤታችሁ ቃለ እግዚአብሔር የምታስተምሩ ወላጆች፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን እላለሁ። እኔ በሳቢያን የምኖር፣ ከጥቂት ጎረቤት ቤተሰቦች ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐዩ በረድ ሲል ልጆቻችንን በአንዳችን ግቢ ሰብስበን የምናስተምር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተነሥተው በልብ ወለድ መልክ የተዘጋጁ የሕፃናት መጻሕፍትና የካርቱን ፊልሞች በቤት ውስጥ በሚሰጠው የሃይማኖት ትምህርት እየያዙት የመጡት ቦታ ነው። እነዚህ ሥራዎች ከልጆቻችን እጅ ይነጠቁ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። የምጠይቀው፣ ልጁ የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ የት ላይ እንደሚያበቃና የደራሲው ፈጠራ የት ላይ እንደሚጀምር እያወቀ እንዲያነብ የሚያስችል አሠራር በጋራ እንድናበጅ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ነገር ላስታውስ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ወላጆችና ሕጋዊ አሳዳጊዎች በእምነታቸው መሠረት የልጆቻቸውን የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት የመምራት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ልጁ ስለ አብርሃምና ስለ ዮሴፍ የሚማረው ከቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ነው ማለት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ቀሪው በወላጆች ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መሰባሰብ በቀረ ጊዜ ብዙዎቻችን በቤት ማስተማር ጀመርን፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ በየግቢው ጸንቶ ቆየ። አብዛኞቻችን ግን መምህራን ስላልሆንን፣ የሕፃናት መማሪያም በእጃችን ስላልነበረ ያገኘነውን ያዝን፦ ከባሕር ማዶ መጥተው የተተረጎሙ ባለ ሥዕል መጻሕፍት፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፉ በአማርኛ ድምፅ የተሰጣቸው ካርቱኖች፣ አልፎ አልፎም በአገራችን ጸሐፊዎች የተዘጋጁ ትንንሽ ጥራዞች።

የእነዚህን ሥራዎች ጥቅም ሳልናገር ወደ ቅሬታዬ ብሻገር ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘ ብላቴና ይጠቀሳል። ስለ እርሱ የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም እንድርያስ ለጌታ ሲናገር በመካከል የተወሳ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ተአምሩን ሲጽፉ ብላቴናውን ጨርሶ አያነሡትም። ከዚህች አንዲት ቁጥር ተነሥቶ የተጻፈ አንድ የሕፃናት መጽሐፍ በግቢያችን ልጆች እጅ ሲዞር ከርሞ ገጾቹ ተበጣጥሰዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ብላቴናው ስም አለው፤ እናቱ ታምማ ተኝታለች፤ እንጀራውን የጋገረችለት ታላቅ እህቱ ናት፤ ወደ ሕዝቡ መካከል የገባውም ለእናቱ ፈውስ ፍለጋ ነው። የገብስ እንጀራ የድሃ ምግብ እንደ ነበረ፣ ምሳውን አውጥቶ መስጠትም ለተራበ ልጅ ቀላል እንዳልሆነ ልጆቹ እኔ ሳልነግራቸው ገባቸው። በተከታታይ ብሰብክላቸው ይህን ያህል ይገባቸው ነበር ብዬ አላምንም።

መጽሐፉን አንብበው ከጨረሱ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ምዕራፉን ከራሱ ከወንጌሉ አነበብኩላቸው። ተአምሩ ጋ ሳልደርስ አንዲት የዘጠኝ ዓመት የጎረቤት ልጅ እጇን አውጥታ «እትዬ፣ እናቱ የታመመችበትን ዘለሉት እኮ» አለችኝ። አለመዝለሌን ብነግራትም አላመነችኝም። መጽሐፍ ቅዱሱን ከእጄ ተቀብላ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች አነበበች፤ ገልጣ ወደ ምዕራፍ 5 ተመለሰች፤ ወደ ምዕራፍ 7ም አለፈች። የፈለገችውን ስታጣ ቀና ብላ «ታዲያ የዋሸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቱ ከሁለቱ አንዱ፣ የትረካ መጽሐፉ ወይም ወንጌሉ፣ ዋሽቷል ብላ ደምድማለች። ደራሲው ግን አልዋሸም፤ ያወቀ አንባቢ የጨመረውን በጭማሪነቱ ይረዳለታል። ችግሩ ከአንዷ ቁጥር በቀር ያለው ሁሉ የደራሲው ሐሳብ መሆኑን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ» የሚል ብቻ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ የጠየቀችው ልጅ መልስ አግኝታለች። የሚያሳስበኝ ሳይጠይቅ የሚያድገው ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ጓደኛው «ይህ እኮ በመጽሐፉ የለም» ሲለው የእናቲቱን ሕመምና የጌታን ተአምር አንድ ላይ ጠቅልሎ ሊጥለው ይችላል።

የምጠይቀው አሠራር ከአባቶቻችን ልማድ የወጣ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው ወደ ዜማውና ወደ ቅኔው የሚያልፈው። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ወደሚሰጥበት መጽሐፍ ቤት የገባ ደቀ መዝሙርም መምህሩ ፊት አስቀድሞ የሚሰማው ንባቡ ነው፤ ትርጓሜው፣ ታሪኩና ምሳሌው ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። በአንድምታ መጻሕፍታችን በቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ላይ የሌሉ ብዙ ታሪኮች ይገኛሉ፤ ነገር ግን ንባቡ በንባብነቱ፣ ሐተታውም በሐተታነቱ ተለይቶ ስለሚቀመጥ አንዱን በሌላው ቦታ የሚይዝ ተማሪ አይኖርም። አያቶቻችንም ቢሆኑ «ተረት ተረት» ብለው ልጁ «የላም በረት» ብሎ ሳይመልስላቸው ወሬያቸውን አይጀምሩም ነበር፤ ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ጅብና ጦጣ ወደሚነጋገሩበት ዓለም መግባቱንም ከዚያ መውጣቱንም ልጁ በዚህ ያውቃል። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳው ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ መግቢያና መውጫ አልተበጀለትም።

ነቢዩ ናታንም በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ለንጉሥ ዳዊት የነገረው ፈጠራ ነበር። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው ሲያርድ ዳዊት የምር ክስ መስሎት በባለጠጋው ላይ ሞት ፈረደ፤ ናታን ግን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ ምሳሌ መሆኑን በዚያው ሰዓት ገለጠለት። ሳይገልጥለት ቢቀር ኖሮ ዳዊት የሌለ ባለጠጋ ሲያስፈልግ ይኖር ነበር።

ከአንዳንድ አባቶችና ወላጆች የምሰማው ተቃውሞ፣ በቅዱስ ቃል ላይ መጨመር ራሱ የተከለከለ ነው የሚል ነው። ዘዳግም 4፥2 እና የዮሐንስ ራእይ መጨረሻም ይጠቀሳሉ። ተቃውሞውን አቃልዬ አላየውም፤ ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ቀና ብሎ ላየ ሰው ክልከላው በዚህ ስፋት እንዳልተተረጎመ ግልጽ ነው። ሠዓሊው ለፈርዖን ሠራዊት በራሱ ዘመን የነበረውን ልብስና መሣሪያ ያለብሳል፤ መልካቸው ያልተነገረንን ሰዎች መልክ ይሰጣቸዋል። በኦሪት ዘጸአት ላይ ጨመረ ብሎ የከሰሰው የለም። እንዲያውም በጥንታዊው አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣሉ ስለነበር ተመልካቹ የሠዓሊውን ፍርድ በሥዕሉ ላይ ያነበው ነበር።

ከዚህ ተቃውሞ ውስጥ ግን አንዱን ክፍል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ለእረኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ለብላቴናው እህት ንግግር መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ ለእግዚአብሔር አዲስ ንግግር መፍጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን ባዩት አንድ ካርቱን ውስጥ እግዚአብሔር አብርሃምን ገና ጉዞ ሳይጀምር «አትፍራ፣ በይስሐቅ ላይ ምንም አይደርስበትም» ብሎ ያጽናናዋል። በዘፍጥረት 22 እንዲህ ያለ ቃል የለም። አብርሃም ሦስት ቀን ሙሉ የሄደው ይህን ሳይሰማ ነው፤ ከሰማማ ፈተናው የቱ ላይ ነው? የፊልሙ አዘጋጅ ሕፃናት እንዳይደነግጡ አስቦ እንዳደረገው እረዳለሁ፤ ያመጣው ግን ታሪኩ የተጻፈበትን ምክንያት ማስወገድ ነው።

«ዝርዝሩ ምን ያደርግልናል፣ ዋናው ትምህርቱ ነው» የሚለው ሐሳብ ከክልከላው ይበልጥ ያሰጋኛል፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ራሱ የሚለወጠው በዝርዝሩ ላይ ነው። የዳዊትንና የጎልያድን ትረካ ያየ ልጅ ምን እንደ ተማረ ብትጠይቁት «በራስህ ከተማመንክ ምንም አያቅትህም» ይላችኋል፤ ካርቱኑ የሚያበቃው በዚያ ዘፈን ስለሆነ። በ1ኛ ሳሙኤል 17 ዳዊት ለጎልያድ የሚነግረው ግን እግዚአብሔር በሰይፍና በጦር እንደማያድን፣ ሰልፉም የእግዚአብሔር መሆኑን ነው። ሁለቱ አባባሎች አይገናኙም።

ከሁሉ የባሰው ግን በነቢዩ ዮናስ ላይ የሚደርሰው ነው። በየቤታችን እናቶች ከዐቢይ ጾም በፊት የነነዌን ጾም ሦስት ቀን ሲጾሙ ልጆቹ ስለሚያዩ ታሪኩን ለማወቅ ይጓጓሉ፤ በእጃችን ያሉት የሕፃናት መጻሕፍት ግን ዓሣውን በሰፊው አሣይተው፣ ነነዌ ንስሐ ስትገባ «ሁሉም በደስታ ኖሩ» ብለው ይዘጋሉ። ይህ የምዕራፍ 3 መጨረሻ ነው። በምዕራፍ 4 ነቢዩ ከተማዋ በመማሯ ተቆጥቶ ሞቱን ይለምናል፤ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እግዚአብሔር ቅል ያበቅልለታል፤ ቅሉን ትል ይመታዋል፤ ትኩስ ነፋስ ይነሣል፤ ፀሐይ አናቱን ሲመታው ይዝላል። በሰባት ሰዓት ፀሐይ ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለስ የድሬዳዋ ልጅ ይህን ለመረዳት የማንንም ልብ ወለድ አይፈልግም። መጽሐፉ የሚያበቃው ደግሞ በጥያቄ ነው፦ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ከተማ አላዝንምን? ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም። በግቢያችን ይህን ያነበብን ቀን ልጆቹ እስኪመሽ ድረስ ዮናስ መልሷል፣ አልመለሰም፣ ተቆጥቶ ሄዷል፣ አልቅሷል እያሉ ተከራከሩ። ሙሉ መጽሐፉ 48 ቁጥር ነው፤ ካርቱኑ በሚፈጀው ጊዜ ተነብቦ ያልቃል። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ያለውን መጽሐፍ ቆርጦ በደስታ መዝጋት ለልጆች ማቅለል ሊባል አይገባውም፤ ልጆቹ ከሚችሉት በታች መገመት ነው።

የኖኅን ታሪክ በድሬዳዋ ማስተማር ደግሞ በሌላ ከተማ እንደ ማስተማር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ብዙ ቤቶች እንደ ተጠረጉ ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ የምናስተምራቸው ልጆች ያኔ አልተወለዱም፤ ግን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚያዩት ወንዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። ቀጭኔዎች ከመርከቡ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው እየሣቁ የሚዘፍኑበትን ፊልም ከፍተን ሳለ፣ በዚያ ሌሊት ዘመድ ያጡ አንድ የግቢያችን እናት ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። እኛም ዘጋነው። ኦሪት ዘፍጥረት ግን ጥፋቱን አያስጌጠውም። ዝናቡ 40 ቀንና 40 ሌሊት ወረደ፣ ውኃው በምድር ላይ 150 ቀን አየለ ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል ኖኅ አንዲት ቃል ሲናገር አይሰማም፤ በዘፍጥረት የተጻፈው የመጀመሪያ ንግግሩ የሚገኘው ውኃው ከደረቀ በኋላ በምዕራፍ 9 ነው። ጎረቤቶቹ መርከቡን ሲያዩ እየሣቁ ያፌዙበት ነበር የሚለው፣ በሁሉም የሕፃናት መጽሐፍ የማይቀረው ትዕይንት፣ በዘፍጥረት የለም፤ የ2ኛ ጴጥሮስ መልእክት በምዕራፍ 2 ኖኅን የጽድቅ ሰባኪ ይለዋል እንጂ የሰሚዎቹን መልስ አይነግረንም። ጥሩ ጸሐፊ ቢያገኝ ይህ ዝምታ ራሱ ትልቅ ትረካ ይወጣዋል። እስካሁን በእጄ የገቡት ሁሉ ግን ኖኅን ለፍላፊ አድርገውታል።

ከተማችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ አጥር የሚኖሩባት መሆኗም ለዚህ ጉዳይ ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። ልጆቻችን በረመዳን ማታ ከጎረቤት ሳምቡሳ ሲበሉ ስለ ኑሕና ስለ ዩሱፍ ይሰማሉ፤ የሰሙትንም ከራሳቸው ጋር ያነጻጽራሉ። በቁርኣን ከኑሕ ልጆች አንዱ ወደ መርከቡ አልገባም ብሎ ተራራ እሸሸጋለሁ ሲል እንደ ሰጠመ ተጽፏል፤ በዘፍጥረት ግን ሦስቱም ልጆች ከሚስቶቻቸው ጋር ገብተው ድነዋል። ልጄ ኖኅ እምቢተኛ ልጅ እንደ ነበረው ከአንድ የትረካ መጽሐፍ አንብቦ ስለነበር ለጓደኛው «በእኛም መጽሐፍ እንዲሁ ነው» አለው። ያረመው የጓደኛው አባት ነው፤ በእናንተ መጽሐፍ ሦስቱ ልጆች ሴም፣ ካምና ያፌት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም ገብተዋል ብለው በትሕትና አስረዱት። ለእርምታቸው አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን ዘፍጥረትን ለልጆቻችን ማረም የጎረቤቶቻችን ሥራ መሆን የለበትም። ልጅ የራሱን መጽሐፍ በትክክል ሲያውቅ የጎረቤቱንም በአክብሮት ያዳምጣል፤ በተደባለቀ ወሬ ግን ክርክሩ እልህ ይሆናል።

የትርጉም ሥራዎቹ ሌላም ችግር አለባቸው። የኖኅ ሚስት ስሟ አይታወቅም ይላሉ፣ አለዚያም ስም ይፈጥሩላታል፤ በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን ውስጥ የሚገኘው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን እምዛራ ብሎ ይጠራታል። አዘጋጆቹ 66ቱን መጻሕፍት ብቻ ይዘው ስለ ጻፉ አይወቀሱም፤ ለልጁ ግን ይህ ሊነገረው ይገባል። በግቢያችን ከሚሰበሰቡት ቤተሰቦች አንዱ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ ስለሆነ፣ ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ለእኛ የየሳምንት ሥራ ነው፤ እስካሁንም ያጣላን ጊዜ የለም። የንግሥተ ሳባም ነገር እንዲሁ ነው። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ስለ ጉብኝቷ የሚናገረው በ13 ቁጥር ነው፤ ማክዳ የሚለውን ስምና የምኒልክን ልደት የምናገኘው ከክብረ ነገሥት ነው። ይህን ለልጅ መንገር ለክብረ ነገሥት ንቀት አይሆንም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከ13 ቁጥር ተነሥተው ምን ያህል እንዳሰፉት ያወቀ ልጅ በሁለቱም ይደነቃል።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። በሰንበት ትምህርት ቤቶች አማካይነት የሚሸጡ ወይም የሚከራዩ የሕፃናት ትረካዎች የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ከየትኛው መጽሐፍና ምዕራፍ እንደ ተነሡ፣ የትኞቹ ስሞች፣ ሰዎችና ንግግሮች የደራሲው ፈጠራ እንደሆኑ የሚገልጹ ሁለት ሦስት መስመሮች ይኑሯቸው። አስቀድመው የታተሙትን በተመለከተ እኛ በግቢያችን የምናደርገውን ማድረግ ይቻላል፦ ልጆቹ ራሳቸው ምዕራፉን ካነበቡ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለውን በእርሳስ ያሰምሩበታል፤ የተጨመረውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በሽፋኑ ጀርባ ይለጥፉታል። የብላቴናው መጽሐፍ ላይ የለጠፈችው ያቺው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ናት፤ በጽሑፏ «እናቱ፣ እህቱ፣ ስሙ፣ ሕመሙ ከደራሲው ነው። እንጀራውና ዓሣው ከዮሐንስ ነው» ይላል። ይህን ከጀመርን ወዲህ መጽሐፉን የሚወዱት ቀንሶ አላየሁም። ይልቁንስ እኛ ትልልቆቹ ከአፋችን አንዲት ነገር ስንጨምር ወዲያው «ይሄ የት ላይ ነው?» ስለሚሉን የምንቸገረው እኛ ሆነናል።

ለእግዚአብሔርና ለጌታችን ያልተጻፈ ንግግር የሚሰጡ ሥራዎች በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዳይታዩ፣ መጨረሻቸው የተቆረጠ ታሪኮችም ከነሙሉ ምዕራፋቸው እንዲነበቡ ብትወስኑ መልካም ነው። የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ይውጣ አልልም፤ ዝርዝር ከወጣ ልጆቹ ቀድመው የሚፈልጉት እሱን ነው። ከዚህ ይልቅ መምህራኑ መርምረው ለየዕድሜው የሚመክሯቸውን ሥራዎች የሚያሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለወላጆች ቢታደል ይጠቅመናል። የንባቡን ቅደም ተከተል ለማያውቁ ወላጆችም በዓመት አንድ ጊዜ አጭር ሥልጠና ብታዘጋጁ፣ ቦታና ሻይ ቡናውን እኛ ወላጆች እንችላለን።

በከተማችንና በሐረር የሚኖሩ ለልጆች መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችም እንዲበረታቱ እጠይቃለሁ። አጋር በበረሃ ውኃው ከአቁማዳዋ አልቆ ልጇን ከቁጥቋጦ በታች ስታስቀምጥ የሚናገረውን ዘፍጥረት 21 ጄሪካን ይዞ ለውኃ ተሰልፎ የሚያውቅ የዚህ አካባቢ ልጅ ቢጽፈው፣ በረዶ በሚወርድበት አገር ተጽፎ ከሚተረጎምልን ይልቅ ወደ ንባቡ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ለመጀመር የሚመች ጊዜ እንዲኖረን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ወደ እሳት የተጣሉት የሦስቱ ወጣቶች፣ የሠለስቱ ደቂቅ፣ ታሪክ በየቤቱና በየአዳራሹ ይነገራል፤ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ሁላችን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ከጸሎተ ሠለስቱ ደቂቅ ጋር ለልጆች በማንበብ ብንጀምርስ? ምዕራፉ ለልጆች የተጻፈ ይመስላል፤ መለከቱ፣ እንቢልታው፣ መሰንቆው፣ ክራሩ፣ በገናውና ዋሽንቱ ደጋግመው ሲጠሩ ልጆቹ በቃላቸው ይዘው አብረው ያነባሉ፤ ይህን ድግግሞሽ ግን የትረካ መጻሕፍቱ አላስፈላጊ ነው ብለው ይቆርጡታል። ንባቡ በእሳቱ ውስጥ የታየውንና ያዳናቸውን መልአክ በስሙ አይጠራውም፤ ቅዱስ ገብርኤል መሆኑን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ነው፤ በዚያው በትንቢተ ዳንኤል ስሙ የሚገኘው በምዕራፍ 8 እና 9 ነው። ለልጆቹ ይህን በዚህ ቅደም ተከተል ብንነግራቸው፣ ከዚያም የፈለጉትን ፊልም ቢያዩ፣ በመጨረሻም የተጨመረውን ጽፈው ቢያመጡ፣ አሠራሩ እንደሚሠራና እንደማይሠራ እናንተም እኛም በአንድ ወር ውስጥ እናየዋለን።

ለዚህ ሙከራ የሚሆን የንባብ ክፍፍልና የጥያቄ ወረቀት የግቢያችን ወላጆች አዘጋጅተናል። የሕፃናት ክፍላችሁ ሊመለከተው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በምትወስኑት ቀን ይዘን እንቀርባለን፤ የሚታረመውም በእናንተ እጅ እንዲታረም እንፈልጋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ልጆቿን በቤት የምታስተምር አንዲት እናት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ